ፕሬስ ማለት መጭመቂያ ነው

እስኪ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። “ፕሬስ” ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ይህንኑ ጥያቄ አንድ የውይይት መድረክ ላይ አንስቼ ተሳቀብኝ። የዕለቱ ርዕስ “የኅትመት ሚዲያው ለምን ተዳከመ?” የሚል ነበር። መድረኩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች እየተቀባበሉ ሦስት ምክንያት ሰጡን። አንደኛ፣ ወጣቱ አያነብም። ሁለተኛ፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ጋዜጣውን በሉት። ሦስተኛ፣ ጋዜጠኛው ሙያውን አያውቅም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ አንባቢው ስንፍና፣ ስለ ስልኩ ክፋትና ስለ ጸሐፊው ድክመት ተወራ። ስለ ማሽኑ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። በመጨረሻ እጄን አውጥቼ “ለመሆኑ ፕሬስ ማለት ምን ማለት ነው?” ብል አንድ ጋሼ “አንተ ደግሞ! ጋዜጣና ጋዜጠኛ ነዋ!” ብለው ዘጉኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እኔም ስቄ ተቀመጥኩ። ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለጋሼ መልስ ነው። ክርክሬ ባጭሩ ይኸውላችሁ፦ “ፕሬስ” የሚለውን ቃል ከእንግሊዝኛ ስንዋስ ጅራቱን ይዘን ራሱን ትተነዋል። ጋዜጠኛውን ወስደን ማሽኑን ረስተናል። ነገሩ የቋንቋ ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች እተወው ነበር። አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለ ነፃ ፕሬስ ስንከራከር ከክርክሩ ትልቁን ግማሽ ጎድለን ነው የተከራከርነው።

ከወይን ጠጅ እስከ ጋዜጣ

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። “ፕሬሜሬ” ማለት መጫን፣ መጭመቅ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ እንግሊዝኛ ሲገባ ከወረቀት ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ “ፕሬስ” ሲባል ተጨናንቆ የሚገፋፋ ሕዝብ ማለት ነበር፤ እኛ ግፊያ የምንለው። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ትርጉም ያለ መዝገበ ቃላት ይረዳዋል። ቀጥሎ ቃሉ የመሣሪያ ስም ሆነ፤ የወይን፣ የዘይትና የጨርቅ መጭመቂያ። ወፍራም የእንጨት ብሎን እየተሽከረከረ ይወርድና ከሥሩ ያገኘውን ይጫነዋል።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀርመን አገር፣ ማይንስ ከተማ፣ ዮሐንስ ጉተንበርግ የሚባል ሰው ይህንኑ ዓይነት መጭመቂያ ለሌላ ሥራ አዋለው። ከታች ቀለም የተቀባ የብረት ፊደል ደረደረ፣ በላዩ ወረቀት አነጠፈ፣ ከዚያ ብሎኑን አወረደው። መጭመቂያው ስሙን እንደያዘ ሙያ ቀየረ። እንግሊዞች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማሽኑን “ፕሬስ” አሉት። ቆየት ብሎ ማሽኑ ያለበት ቤት ፕሬስ ተባለ። ከዚያ ከቤቱ የሚወጣው ኅትመት በሙሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ገደማ ቃሉ ወደ ጋዜጣ አዘነበለ። በመጨረሻ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ካሜራና ማስታወሻ ደብተር ይዞ የሚሯሯጠው ሰው ራሱ ፕሬስ ሆነ። ጋሼ የነገሩኝ ትርጉም እንግዲህ የመጨረሻው፣ የቃሉ የልጅ ልጅ ልጅ ነው።

ዘመዶቹም ብዙ ናቸው። “ፕሪንት” የሚለው ቃል ራሱ ከዚሁ ሥር ነው። ጂም የምታዘወትሩ ሰዎች “ቤንች ፕሬስ” ስትሉ ያው ቃል ነው። ለማኪያቷችሁ መሠረት የሆነው “ኤስፕሬሶ” በጣልያንኛ “ተጨምቆ የወጣ” ማለት ነው። እንግሊዝኛው “ኦፕሬስ” ሲል ጨቆነ፣ “ሰፕሬስ” ሲል አፈነ፣ “ኤክስፕሬስ” ሲል ደግሞ ገለጸ ማለቱ ነው። ሐሳብን መግለጽና ሰውን መጨቆን ከአንድ እናት የተወለዱ ቃላት ናቸው። ለኔ ልዩነታቸው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ የመጭመቂያውን እጀታ የያዘው ማን ነው?

እጀታው

ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ። ጉተንበርግ ያን ዝነኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለማተም ገንዘብ የተበደረው ዮሐን ፉስት ከሚባል የማይንስ ባለሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1455፣ ሥራው በሚጠናቀቅበት ሰሞን፣ ፉስት ገንዘቤን ብሎ ከሰሰው፤ ረታም። የመጽሐፍ ቅዱሱ ማተሚያ በአበዳሪው እጅ ገባ። የጉተንበርግ ሠራተኛ የነበረው ፒተር ሾፈርም ከአበዳሪው ጋር ሆኖ ሥራውን ቀጠለ። የኅትመት አባት የምንለው ሰው ከገዛ ማሽኑ ተባረረ። ጥበቡ የሱ ነበር፤ እጀታው ግን የባለ ገንዘቡ።

መንግሥታትም ነገሩ ቶሎ ነው የገባቸው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1586 የወጣ ድንጋጌ ማተሚያ ከለንደን፣ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ውጭ እንዳይኖር ከለከለ። በ1637 የወጣው ደግሞ የማተሚያ ቤት ባለቤቶችን ቁጥር በ20 ገደበ። ልብ በሉ፤ የተቆጠረው ጸሐፊ አይደለም። የተቆጠረው ባለ ማሽን ነው። ጆን ሚልተን “አሬዎፓጂቲካ” የተባለውን ጽሑፉን በ1644 ያወጣው ከኅትመት በፊት ፈቃድ ማስወጣትን ተቃውሞ ነበር። የፈቃድ ሕጉ ግን በይፋ የሞተው በ1695 ሳይታደስ ሲቀር ነው። ከዚያ በኋላ ጋዜጣው እንደ አሸን ፈላ። “የፕሬስ ነፃነት” የሚለው ሐረግ ያደገው እዚህ ትግል ውስጥ ነው። ያኔ ትርጉሙ ማሽኑን ያለ ፈቃድ የማሽከርከር ነፃነት ነበር። የጋዜጠኛው መብት ከኋላ ተከትሎ የመጣ ነው።

ኤ. ጄ. ሊብሊንግ የተባለ የኒውዮርክ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1960 ነገሩን ጠቅልሎ፣ የፕሬስ ነፃነት የተረጋገጠው ፕሬስ ላለው ሰው ብቻ ነው የሚል ሐሳብ ጻፈ። በእንግሊዝኛ ቀልዱም ቁም ነገሩም ወዲያው ይገባል፤ ቃሉ ማሽኑንም ይጠራልና። በአማርኛ “ፕሬስ ላለው ሰው” ስትሉ ግን ሰሚው ግራ ይጋባል። የኔም ነጥብ ይኸው ነው። ማሽኑን የሚጠራው ቃል ከአፋችን ጠፍቷል።

ማኅተም

“እኛማ ማተሚያ የሚል የራሳችን ቃል አለን” ትሉ ይሆናል። አዎ፣ አለን። ሥሩም ግዕዝ ነው፤ “ኀተመ”፣ አሸገ፣ ማኅተም አደረገ። የፈረንጁ ቃል ከወይን እርሻ መጣ፤ የኛው ከማኅተም። ማኅተም ደግሞ የንጉሥ ነው፣ የሹም ነው። ያረፈበት ወረቀት ይታመናል፤ የታሸገበት ወረቀት ያለ ፈቃድ አይከፈትም። ዛሬም ወረዳ ስትሄዱ ክብ ማኅተም የሌለበት ወረቀት ምኑ ወረቀት ነው? ማኅተሙን የያዘችው ሠራተኛ ምሳ ወጥታ፣ መሳቢያው ተቆልፎ፣ ግማሽ ቀን ያልተጎለተ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ቃል ዕጣ ፈንታ ነው እያልኩ አይደለም። ግን “ማተም” የሚለው ቃላችን ፈቃድ ፈቃድ ይሸታል። በ1980ዎቹ “ፕሬስ” የሚለውን ባዕድ ቃል እንዲያ የወደድነው ይህ ሽታ ስለሌለበት ይመስለኛል። “ነፃ ማተሚያ” አላልንም፤ “ነፃ ፕሬስ” አልን። ቃሉ ዘመናዊና ቀላል ሆኖ ታየን። ማተሚያው ግን እዚያው ማኅተሙ ሥር ቀረ።

ጋሼ ያላወቁትን የሚያውቁ

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ ነው። ፊደሉ የኛ፣ ማሽኑ የሰው። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን በ1914 ዓ.ም. አቋቋሙ። ብርሃንና ሰላም የተባለው ጋዜጣ የወጣው በ1917 ዓ.ም. ነው። ቅደም ተከተሉን እዩልኝ፦ መጀመሪያ ማሽን፣ ከዚያ ጋዜጣ፤ ሁለቱም በአንድ ስም ተጠሩ። ራስ ተፈሪ ፕሬስ ምን እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ደርግም ያውቅ ነበር። የኢሕአፓ “ዴሞክራሲያ” በድብቅ በስቴንስል እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትፈተሽ ከጦር መሣሪያው ጋር የጽሕፈት መኪናና የማባዣ ማሽን ጭምር ይፈለግ ነበር። ፕሬስ ምን እንደሆነ ያ ፈታሽ ካድሬ ከጋሼ የተሻለ ገብቶታል።

ከዚያ የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ወጣ። ሳንሱር ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከለከለ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ አላጣጥለውም። ግን ሕጉ የፈታው አፍን ነው። የግሉ ጋዜጣ በአብዛኛው የሚታተመው በዚያው የመንግሥት ንብረት በሆነው ብርሃንና ሰላም ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በ2004 ዓ.ም. ፍንትው ብሎ ታየ። ማተሚያ ቤቱ ለአሳታሚዎች አዲስ የውል ሰነድ አቀረበ። ሰነዱ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያሰበውን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት ይሰጠዋል። አሳታሚዎቹ “ይህ በጓሮ በር የገባ ሳንሱር ነው” ብለው ጮኹ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የፍትሕ ጋዜጣ አንድ ዕትም፣ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጤንነት በያዘው ዘገባ ሰበብ፣ እንዳይሰራጭ ታገደ። አንቀጽ 29 ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም ነበር።

ገጽ 11

የራሴን ልጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር አንዲት ትንሽ መጽሔት ጀምረን ነበር። ሦስት ቁጥር አወጣን። ለአራተኛው “ወረቀት ጨምሯል” ተባልን፤ ተበድረን ከፈልን። ፋይሉን በፍላሽ አስረክበን ወደ ቤት ስንሄድ ስልኬ ጮኸ። ማተሚያ ቤቱ የግል ነው፣ የመንግሥት አይደለም። ደዋዩም ካድሬ አይደለም፣ ደኅንነት አይደለም። እጁ ቀለም በቀለም የሆነ ትሑት ሰው ነው። “ወንድሜ፣ ገጽ 11 ላይ ያለችውን ነገር ብታወጧት... እኔ የልጆች አባት ነኝ። ማሽኑም የኔ አይደለም” አለኝ።

ያዘዘው ሰው ነበር ወይ? አልነበረም። ፈርቶ ነው። ልቆጣው ብዬ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ ምን ብዬ ልቆጣው? ገጽ 11 ወጣች። በቦታዋ የካፌ ማስታወቂያ ገባ። ያን ጽሑፍ የጻፈችው ልጅ ከዚያ በኋላ አልጻፈችልንም። መጽሔቷም አምስተኛ ቁጥሯን ሳታይ ቀረች። ሳንሱር ቀርቷል ሲባል እሰማለሁ። አልቀረም። ማተሚያ ቤት ሥራ ተቀጥሯል፤ ያውም ያለ ደመወዝ።

እና ጋሼ፣ ወጣቱ አያነብም ይሉኛል? ያችን ገጽ ወጣቱ ቢፈልግስ ከየት አምጥቶ ያነባታል? ለዓመታት አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ የሚያከራዩ ልጆች እንደነበሩ እርስዎም ያውቃሉ። መግዛት ያቃተው በሳንቲም ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንብቦ ይመልሳል። የማያነብ ሕዝብ ጋዜጣ አይከራይም።

“አሁን እኮ ኢንተርኔት አለ”

ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው “ማሽን ብቻውን ምን ይሠራል? ደርግ ማሽን አልነበረውም ወይ?” የሚል ነው። እውነት ነው። ማሽን ያለ ሕግ የአንድ ሰው ድምፅ ማጉያ ነው። ሙያም ያስፈልጋል፤ ያልተጣራ ወሬ እያተሙ ነፃ ፕሬስ ነኝ ማለት አይቻልም። ግን ሕግ ያለ ማሽን ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ የቆመ በር ነው። ከ1985ቱ በኋላ በ2000 ዓ.ም. አዋጅ 590ን፣ በ2013 ዓ.ም. አዋጅ 1238ን አይተናል። አዋጁ በተለዋወጠ ቁጥር የጋዜጣው ወረቀት ከውጭ በዶላር መግባቱ አልተለወጠም። ዶላር ሲጠፋ ወረቀት ይጠፋል፤ ወረቀት ሲጠፋ ጋዜጣ ይቀጥናል፤ ከዚያ “አንባቢ ጠፋ” ይባላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ “ኢንተርኔት እያለ የምን ማተሚያ?” የሚል ነው። እዚህ ላይ ወጣቱም ከጋሼ አይሻልም። እ.ኤ.አ. የ2019ኙ የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን ዋና በዓል የተከበረው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም.። ባነሩ ተሰቀለ፣ ንግግሩ ተደረገ፣ ፎቶው ተነሳ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሰኔ፣ ኢንተርኔት ከአገሪቱ ጠፋ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ መጨረሻ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፋ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ጨለማ ውስጥ ነበረች። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በነዚህ ሁሉ ቀናት ስንት ሰው ታሪኩን ይዞ እንደተቀመጠ አስቡት። የጻፈው ነገር ተሳስቶ አይደለም። ማሽኑ ቆሞበት ነው።

መጭመቂያው አልጠፋም፤ መልኩን ለወጠ። ዛሬ ብሎኑ ገመድ ነው፣ ሰርቨር ነው፣ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። አገር ውስጥ አንዱ ያጠፋዋል። ካሊፎርኒያ ያለው ሌላው ደግሞ የፌስቡክ ገጻችሁን ሲዘጋ ለምን እንደዘጋው ጠይቃችሁ መልስ አታገኙም። ተበድሮ እንደሠራው እንደ ጉተንበርግ፣ በሰው ማሽን ላይ ቤት ሠርተን የኛ መስሎን ተኝተናል።

ሦስት ጥያቄ

ስለዚህ ከእንግዲህ “ነፃ ፕሬስ” የሚል ቃል በሰማችሁ ቁጥር ሦስት ነገር ጠይቁልኝ። ማሽኑ የማን ነው? ወረቀቱ ወይም ገመዱ ከየት ይመጣል፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? ማን ሊያቆመው ይችላል፣ ሲያቆመውስ ለማን ይጠየቃል? እነዚህን ያልመለሰ አዋጅ ምንም ያህል ቢያምር ግማሽ አዋጅ ነው።

መፍትሔውም ሰማይ ላይ የተሰቀለ አይደለም። አታሚው ደራሲው በጻፈው እንዳይጠየቅ ሕጉ ጥርት አድርጎ ይናገር፤ ያን ጊዜ የልጆች አባት የሆነው ሰው ማታ ስልክ አይደውልም። ኢንተርኔት ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ አይቋረጥ፤ ያቋረጠው ሰው ስምና ፊርማ ይኑረው። የመጽሐፍና የጋዜጣ ወረቀት እንደ ቅንጦት ዕቃ አይታይ። አሳታሚዎችም በየመድረኩ ከማልቀስ ይሰባሰቡ። ድንኳኑንና ድስቱን በእድር የሚገዛ ሕዝብ፣ ለቀብሩ እንዲህ የተደራጀ ሕዝብ፣ አንድ ማተሚያ በማኅበር መግዛት እንዴት አቃተው?

ጋሼ፣ ሌላ መድረክ ላይ መገናኘታችን አይቀርም። እርስዎን አክብሬ፣ እጄን አውጥቼ ያችኑ ጥያቄ እደግማታለሁ። ፕሬስ ማለት መጭመቂያ ነው። እጀታውን ማን እንደያዘው እስክንነጋገር ድረስ የሚጨመቀው ያው እኛው ነን። ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ገጽ 11ን ግን መልሱልኝ።